ቶይባ የሰቀለችው ግሉኮስ

ቶይባ በጎብዬ ዙሪያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርታለች። አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ተቅማጥ አድርቆት ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ሲመጣ ሌሎቹ ነርሶች ሁለቴ ሦስቴ ወግተው ሲያቅታቸው እሷን ይጠራሉ። የሕፃኑን እጅ ይዛ በጣቷ ትዳብስና አንዴ ወግታ ታገኘዋለች። የምትኖረው ከጤና ጣቢያው ጀርባ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ከሥራ ስትወጣ የሚጠብቃት ሰው የለም። ጎረቤቶቿ ያከብሯታል እንጂ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ስለ ራሷ ስትናገር የሰማት አልነበረም። እንዲህ የሆነችበት ምክንያት አላት።

ድሮ ቆቦ ከተማ ነበር የምትኖረው፣ ከባሏ ከሙዓዊያና ከእናቱ ከእማ ራዊያ ጋር፣ በአንድ ግቢ። ሙዓዊያ ሥራው ሽንኩርትና ቲማቲም ማስጫን ነበር። ከመስኖ እርሻው የወጣውን በጆንያና በሣጥን አስደርድሮ፣ አይሱዙው ጫፍ ላይ ወጥቶ ገመዱን የሚያጠብቀው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ያሰረውን አያምንም። ልጅ አልወለዱም። ሁለቴ አስወርዷት ነበር። እማ ራዊያ ግን በዚህ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩባትም፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። ጧት ጧት ወደ ጎብዬ ሚኒባስ ስትሳፈር በር ድረስ ወጥተው "በሰላም ያግባሽ" ብለው ይመለሳሉ።

አንድ የገበያ ቀን ሙዓዊያ ጎብዬ ላይ ሽንኩርት እያስጫነ ሳለ የሚስበው ገመድ ተበጠሰ። ከጭነቱ ጫፍ በጀርባው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ወዲያው ተነሣ። ልብሱን አራገፈ፣ ሊያነሡት የመጡትን ጫኞች "ምን አደከማችሁ" ብሎ ሳቀባቸው፣ ተመልሶም ሥራውን ያዘ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ራሱን ይዞ የተቀመጠው። ሁለት ጊዜ አስታወከ። ጫኞቹ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው አመጡት። እማ ራዊያም ያን ቀን ለገበያ ጎብዬ ወርደው ስለነበር ሰምተው ተከትለው ደረሱ።

ተረኛዋ ቶይባ ነበረች። ባሏን ከባጃጅ ሲያወርዱት ስታይ ሮጣ ደረሰች፤ እሱም አወቃት፣ ስሟንም ጠራ።

"ደህና ነኝ" አላት። "ራሴን ብቻ ነው የሚወጋኝ።"

አልጋ ላይ አስተኙት። እማ ራዊያ እግሩን እያሹ "ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም" አሉ። "ያቺኑም የጠጣትን ሻይ አስታወካት። ሆዱ ባዶ ነው። ግሉኮስ ስቀይለት እንጂ ልጄ፣ ምን ታያለሽ?"

በዚያ አገር ግሉኮስ የማይወድ ሰው የለም። ማሽላ አጭዶ የደከመው፣ ከአፋር በኩል በሙቀት ተጉዞ የመጣ፣ ወልዳ የተነሣች፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ሲል ማየት ራሱ ያሽራል ይላሉ። ቶይባም ብትሆን እማ ራዊያ ባይሏትም ከዚያ ሌላ አታውቅም ነበር። ባሏ አስታውኳል፣ ምግብ አልበላም፣ ላብ አጥምቆታል። ደም ሥሩን አንዴ ወግታ አገኘችና ግሉኮሱን ሰቀለች። ቶሎ እንዲገባለትም አፈጠነችው።

የመጀመሪያው ሳያልቅ ሙዓዊያ ዓይኑን ጨፈነ። "ተኛ" አሉ እማ ራዊያ፣ "ተመስገን፣ ዕረፍት አገኘ።" ቶይባ የልብ ምቱን ቆጠረች። ሲመጣ በደቂቃ ዘጠና የነበረው ሃምሳ ስድስት ሆኗል። ተረጋጋ ብላ ደስ አላት። ሁለተኛውን ግሉኮስ ሰቀለች። እማ ራዊያ ወጥተው ያስጠሩት አምቡላንስ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወልዲያ ሆስፒታል ሄዶ ስለነበር ለመምጣት ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲመጣ ልትቀሰቅሰው ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ አልነቃም። ዓይኑን ገልጣ ስታይ አንደኛው ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። ወልዲያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈ።

ጀናዛው ቆቦ ተቀበረ። ለቅሶ ደራሹ ለሳምንታት ሲመላለስ እማ ራዊያ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ይነግሩ ነበር።

"ልጄ በሚስቱ እጅ ነው ያለፈ። ሁለት ግሉኮስ ሰቅላለታለች። አንድም ያጓደለችበት ነገር የለም። አላህ ይካሳት።"

ለቅሶ ደራሹም ወደ ቶይባ ዞሮ "አብሽሪ፤ አንቺስ የምትችይውን አድርገሻል" ይላታል። እሷም በዚያ ተጽናናች። ከሐዘን ሁሉ የሚከፋው ባዶ እጅ መቅረት ነው፤ እኔ ባዶ እጄን አልቀረሁም ትል ነበር ለራሷ። ከእማ ራዊያ ጋር በዚያው ግቢ ኖረች። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሰግዳሉ፣ የሙዓዊያን ልብስ አንድ ቀን አብረው አጥበው ለድሆች አከፋፈሉ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ቶይባ ለድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ተብላ ለአንድ ሳምንት ደሴ ተላከች። በአራተኛው ቀን ስለ ራስ ጉዳት ያስተማራቸው ሐኪም ለዘብ ያለ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣለና "ይኸ ራስ ቅል ነው" አለ። "አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል አለ፣ ደም አለ፣ ውሃ አለ። አንዱ ከጨመረ ለሌላው ቦታ ይጠፋል፤ ግፊቱ ይነሣል። ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አፉን ጥርቅም አድርጋችሁ ብትደፍኑት አስቡት። ባቄላው ያብጣል፤ መሄጃ የለውም።"

ከዚያ ስለሚሰቀሉት ፈሳሾች መናገር ጀመረ። ግሉኮስ ስኳር ያለበት ውሃ ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ስኳሩን ሰውነት ወዲያው ይበላዋል፤ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ባዶ ውሃ ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ጨው ወዳለበት ወደ አንጎል ይሰርጋል። ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ራሱን የተመታ ሰው ግን አንጎሉ አስቀድሞ አብጧል፤ በዚያ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ግፊቱ ይብሳል። "ስለዚህ የስኳሩ መጠን ወርዶ ካላገኛችሁት በቀር ራሱን ለተመታ ሰው ግሉኮስ አትስቀሉ" አለ። "የጨው ውሃውን፣ ሳላይኑን ስጡት። እሱ እንደ ደሙ ጨው አለው፤ ወደ አንጎል አይሰርግም። እሱንም ቢሆን በልክ። አብዝታችሁ አታጥለቅልቁት፤ አሳንሳችሁም የደሙ ግፊት እንዲወርድ አታድርጉ፤ አንጎል ደም ካጣ ይሞታል።" ቀጥሎም "በሽተኛው ፀጥ ብሎ የልብ ምቱ ሲዘገይ ተረጋጋ ብላችሁ እንዳትታለሉ። የግፊቱ ምልክት እሱ ነው" አለ።

ቶይባ እስክርብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። የቀረውን አልጻፈችም።

ለሻይ ሲወጡ ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲሰበስብ ጠጋ ብላ "አንድ በሽተኛ ነበረን" አለችው። ነገረችው፤ ከጭነት መኪና መውደቁን፣ ተነሥቶ መሳቁን፣ ሁለቱን ግሉኮስ፣ ሃምሳ ስድስቱን። ባሌ ነው ግን አላለችም።

ሐኪሙ ሰምቷት ሲጨርስ ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠ። "ወድቆ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የታመመ ከሆነ ከውስጥ እየደማ ነበር ማለት ነው" አላት። "ራስ ቅሉ ቶሎ ካልተከፈተ ግሉኮስ ባይሰጠውም ይሞት ይሆናል። ግሉኮሱ ደግሞ አፍጥኖት ይሆናል። ባይሰጠው ግማሽ ሰዓት አግኝቶ ሆስፒታል ይደርስ ነበር ወይ? አላውቅም። ይኸ ነው ብሎ ቁርጡን የሚነግርሽ ሰው አታገኚም።" ቀና ብሎ አያትና "ዘመድሽ ነበር?" አላት።

"አይደለም" አለች ቶይባ። "እንዲሁ በሽተኛ ነው።"

ቆቦ ስትመለስ እማ ራዊያ ምሳ አቅርበው ይጠብቋት ነበር። የዚያን ቀን አንዲት ሩቅ ዘመድ እንግዳ ሆና መጥታለች። እማ ራዊያም እንደ ወትሯቸው "ይቺ ናት የሙዓዊያ ሚስት። በእጇ ነው ያለፈ፤ ሁለት ግሉኮስ…" ብለው ጀመሩ። ቶይባ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጥታ ጓሮ ቆመች።

ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ አሰበች። ግን ስትነግራቸው የሚሆነውን ታውቃለች። ግሉኮስ ስቀይለት ያሉት እሳቸው ናቸው። እሷ ራሷን የምትወቅሰው አንሶ እናትን ልጅሽን ገደልሽው ማለት ሊሆን ነው። ዝም ብትል ደግሞ በየምሳው፣ በየእንግዳው ፊት ምርቃቱን መቀበል አለባት። ሁለት ወር ቻለች። ከዚያ በላይ አልቻለችም። የመንገዱን መመላለስ ምክንያት አድርጋ ጎብዬ ቤት መከራየቷን ነገረቻቸው።

እማ ራዊያ ሌላ ነገር መሰላቸው። "ልጅ እግር ነሽ" አሏት፣ "ሰው ካገኘሽ አልከለክልሽም፤ ሐራምም አይደለም። ግን ለእኔ መደበቅ ምን ያደርግልሻል? ንገሪኝ።"

"ምንም የለም፣ እማ።"

"ደህና" አሉና ዞር አሉ። ዕቃዋን ስታወጣ በር ድረስ አልሸኟትም።

ከዚያ በኋላ በዓል ሲሆን እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። ይቀበሏታል፤ ግን እንደ እንግዳ ነው፣ ጥሩውን ምንጣፍ አንጥፈው። ቀስ በቀስ መሄዱም ራቀ። ጦርነቱ መጥቶ አገሩን ሲያምሰው ሁለቱም በየፊናቸው ሸሹ፤ ተመለሱም። ቶይባ ጤና ጣቢያው በሩ ተነቅሎ፣ የመድኃኒት መደርደሪያው ተገልብጦ ነበር ያገኘችው። የተሰባበረውን ብልቃጥ ጠርጋ፣ አልጋዎቹን አጥባ፣ ከሌሎቹ ጋር ሥራውን እንደገና ጀመረችው። እማ ራዊያም በደህና መመለሳቸውን ከሰው ሰማች። ሄዳ አልጠየቀቻቸውም። በዚህም ታፍራለች።

በሥራዋ ላይ ያመጣችው ለውጥ ግን ነበር። ራሱን የተመታ ሰው ሲመጣ ቶይባ ግሉኮስ አትሰቅልም፤ ሌላም ሰው ሲሰቅል ካየች ታስቆማለች። ምክንያቱን ለአዳዲሶቹ ነርሶች እንደ ትምህርት ትነግራቸዋለች፤ ከየት እንዳገኘችው አትነግራቸውም። ሰዉ ግን ይኸን አልወደደላትም። ከዛፍ የወደቀ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ግሉኮስ ሲከለከሉ "ከቤቷ የምታወጣው ይመስል ትሰስታለች" እያሉ ያሟታል። የሚያሟት ሰዎች ምሬት አልገባትም አይባልም። እሷም ድሮ እንደነሱ ነበረች።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው ነገሩ የመጣ። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ገበሬው ወፍ ለመጠበቅ በየማሳው በእንጨት በተሠራው ማማ ላይ ይውላል። እሸቴ የሚባል የአርባ ዓመት ጎልማሳ ወፍ ሊመታ ወንጭፉን ሲያዞር ማማው ከእግሩ ሥር ተሰበረና በራሱ ተደፋ። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ሚስቱ ፀዲ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ትሮጣለች።

ያን ሰሞን በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ያን ቀን ተዘግቶ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ እንኳ አይታይም። የጤና ጣቢያው የጤና መኮንን ኤፍሬም ለስብሰባ ቆቦ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ቶይባ ስልክ ደወለችለት። "የምታውቂውን አድርጊ፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ የማደርገው የለኝም" አላት።

እሸቴ ዓይኑን ሲጠሩት ይገልጣል፣ የተቀላቀለ ነገር ይናገራል፣ ያስታውካል። ቶይባ ጣቱን ወግታ የስኳሩን መጠን ለካች፤ ደህና ነው። የአልጋውን ራስጌ በብሎኬት ከፍ አደረገች። አንገቱ እንዳይጣመም በሁለት በኩል በተጠቀለለ ጋቢ ደገፈችው። ሳላይን ሰቅላ በልኩ እንዲወርድ አደረገች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የልብ ምቱን፣ የደሙን ግፊት፣ ዓይኑን በየሩብ ሰዓቱ እያየች ወረቀት ላይ ትጽፍ ጀመር።

የእሸቴ ታናሽ ወንድም ዘላለም ዘግይቶ ደረሰ። ሲመጣ ከከተማው መድኃኒት ቤት የገዛቸውን ሁለት ግሉኮስ በፌስታል ይዟል።

"ሲስተር፣ ይኸን ስቀይለት" አላት።

"ለሱ አይሆንም፣ ወንድሜ። ይኸ የተሰቀለለት ይበቃዋል።"

"ይኸማ የጨው ውሃ ነው አሉኝ። ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። በጨው ውሃ ሰው ይበረታል?"

አስረዳችው። ስለ ባቄላው፣ ስለ ማሰሮው፣ ስለ ግፊቱ። ዘላለም ግን ዓይኑ ወንድሙ ላይ ነው፤ ቃሏ አይገባውም። ከእሱ ጋር የመጡትም "አቦ ስቀይለት፣ ምን ቸገረሽ? ከራሱ ገዝቶ ነው ያመጣ" ይላሉ። ዘላለም ድምፁን ከፍ አደረገ። "አንቺ ሴትዮ ግሉኮስ እንደምትሰስቺ አገር ያውቃል። ወንድሜ እዚህ ቢሞት ከአንቺ ራስ አልወርድም። ወይ ስቀይለት፣ ወይ የሚሰቅል እኔ አመጣለሁ።"

ሁለተኛዋ ተረኛ ነርስ በሩ ላይ ቆማ "ሲስተር ቶይባ፣ ይቅርብሽ፣ ስጪያቸውና ይገላገሉሽ" አለቻት በሹክሹክታ።

ቶይባ ተነሣች። ወደ ዘላለም ሳይሆን ወደ ፀዲ ሄደች። ፀዲ የባሏን እግር ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቶይባ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

"እኔም ባል ነበረኝ። እንዲሁ ወድቆ፣ እንዲሁ ራሱን ይዞ፣ እዚህ ቤት አመጡልኝ። ያ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ነበር። ሁለት ግሉኮስ በእጄ ሰቀልኩለት። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አልነቃም። ግሉኮሱ እንደሚጎዳው ያኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ባልሽ ላይ አልደግመውም። ካልሽ ግን የባልሽ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ወስኚ።"

ዘላለም ወደ ቶይባ ዞረ። "እንግዲያ ባልሽን በእጅሽ ገድለሽ ነው ለወንድሜ የመጣሽው?" አለ።

ፀዲ ናት የመለሰችለት።

"ተዋት" አለችው። "ይኸን ያህል ነገር በሰው ፊት በራሷ ላይ የተናገረች ሴት ለእኔ ምን ብላ ትዋሸኛለች? ፌስታልህን ይዘህ ውጣ።"

ዘጠኝ ሰዓት ግድም መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ከቆቦ በኩል የመጣ ሚኒባስ ለምነው አስቆሙ። የኋላ ወንበሮቹን አጥፈው እሸቴን አስተኙት። ቶይባ ራስጌው ተንበርክካ አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ ወልዲያ ድረስ ሄደች። እዚያ ውሃውን ከአንጎል የሚመጥጥ መድኃኒት ሰጡትና ለቀዶ ሕክምና ወደ ደሴ ላኩት። እሷ ከበሩ ተመለሰች። በመንገዱ ሁሉ ጉልበቷ በሚኒባሱ ወለል ሲቀጠቀጥ መዋሉን ያወቀችው በማግስቱ መነሣት ሲያቅታት ነው።

እሸቴ ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ በከዘራ እየተደገፈ መጥቶ አይታዋለች። ግራ እጁ ደክሟል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው ፈልጎ ፈልጎ ነው፤ ማማ ላይ ከእንግዲህ አይወጣም። ፀዲ የእጇን መዳፍ ሳመችላት። ዘላለም አብሯቸው አልመጣም።

ያን ቀን የተናገረችው ግን ከእሸቴ ቀድሞ አገር አዳርሶ ነበር። ወሬ ሲሄድ ይለወጣል፤ "ሳላውቅ ሰቀልኩለት" ያለችው ጠፍቶ "ባሏን በግሉኮስ ገደለች" የሚለው ብቻ ቀረ። ካርድ አውጥተው ከበሯ ላይ ሲደርሱ "ሌላ ነርስ የለም ወይ?" የሚሉ በዙ። አንዲት እናት የታመመ ሕፃኗን ከቶይባ እጅ መልሳ ወስዳ ለሌላዋ ሰጠች፤ ሌላዋ ሦስቴ ወግታ ደም ሥሩን አጣችው፤ ቶይባ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የሕፃኑን ለቅሶ ስትሰማ ቆየች። ኤፍሬም ሰዉን ሰብስቦ ነገሩን ሊያስረዳ ፈለገ። "ተዋቸው" አለችው። "የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው ልትላቸው አትችልም።"

አንድ ማክሰኞ ቀን ነበር እማ ራዊያ የመጡ። ቤቷ አልሄዱም። እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ አውጥተው ወረፋ ያዙ። ስማቸው ተጠርቶ ሲገቡ ቶይባ ከወንበሯ ብድግ አለች። አርጅተዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል።

"ተቀመጡ፣ እማ። ምንዎን ነው ያመመዎት?"

"ምኔንም አላመመኝ" አሉ። ተቀመጡ። "ቆቦ ገበያ ላይ የሰማሁት እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ደሴ ለትምህርት የሄድኩ ጊዜ።"

እማ ራዊያ በልባቸው ዓመቱን ቆጠሩ። "ከቤት የወጣሽው ለዚህ ነው። ባል አይደለም።"

"ባል አይደለም።"

ወደ በሩ አዩ። ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው ያስላል። በመጨረሻ "ስቀይለት ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ባይሉኝም እሰቅለው ነበር። ሐኪሙም ግሉኮሱ ይሁን ደሙ ቁርጡ አይታወቅም ብሎኛል።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።" ድምፃቸው አልጨመረም፤ እጃቸው ግን ካርዱን እያጠፈ ይዘረጋል። "ሁለት ግሉኮስ፣ ሁለት ግሉኮስ እያልኩ ለመጣው ሁሉ ስናገር ኖርኩ። እንደ ጌጥ። አንቺ እያወቅሽ ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጠሽ ሰማሽኝ። ከዚያም ትተሽኝ ሄድሽ፤ እኔ ምንም ሳላውቅ እስከ ዛሬ ስናገረው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዝም ይበሉ አትይኝም?"

እማ ራዊያ በጠረጴዛው ተደግፈው ተነሡ፤ ልትደግፋቸው ስትል እጇን ገፋ አድርገው ወጡ።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ቶይባ ቆቦ ሄደች። በሩን አንኳኳች፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። በሁለተኛው ዓርብም እንዲሁ። ጎረቤት ሴቶች ከየደጃቸው ያዩአታል፤ ሰላምታዋን ይመልሳሉ፤ ግቢ የሚላት ግን የለም። በአምስተኛው ዓርብ እማ ራዊያ ራሳቸው ከፈቱላት።

"ግቢ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትሄዳለች። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ የታጠበውን ትሰቅላለች፣ ምሳ አብረው ይበላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ኒካሕ፣ ስለ እግራቸው እብጠት ያወራሉ። የሙዓዊያን ስም ለብዙ ጊዜ ሁለቱም አላነሡም። አንድ ቀን ብቻ እማ ራዊያ ምስር እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ "እኔ አምቡላንሱን ላስጠራ ወጥቼ ሳለ የተናገረው ነገር ነበር?" ብለው ጠየቋት።

"ነበር" አለች ቶይባ። "መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ አለኝ። ሻሼን አውልቄ ዓይኑን ሸፈንኩለት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም አላለም።"

እማ ራዊያ ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። ቆየት ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቶይባ ልትጠጋቸው አስባ እዚያው በነበረችበት ተቀመጠች።

ከዓስር ሰላት በኋላ ወደ ጎብዬ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት በዋናው መንገድ ላይ ሲጣራ ይሰማል። እደሪ አይሏትም፤ እሷም ልደር አትልም። ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች፣ "ደህና ይዋሉ፣ እማ" ትላለች፣ በሩንም ከውጭ በቀስታ ገጥማው ወደ መንገዱ ትወርዳለች።